የሚጡ መልስ

"የለም አልኩሽ እኮ ጀዊሪያ። ከየት ላምጣው?"

"አለ። ስድስት ካሴት ነው ብለህ ያከራየኸኝ አንተ ነህ። አምስቱን አየሁ። ስድስተኛው የታለ?"

ደቻሳ የቪዲዮ ካሴት የሚያከራይባት ክፍል አዲሱ ገበያ፣ ከእህል መደብሮቹ ጀርባ የተለጠፈች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ላይ ይቆማል። ዛሬ ግን ጀዊሪያ ብቻዋን በሩን ሞልታዋለች። አምስተኛውን ካሴት በሻርፗ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛለች። ደቻሳ ሊቀበላት እጁን ቢዘረጋም አልሰጠችውም።

"ሌላ ልስጥሽ" አለ ወደ መደርደሪያው ዞሮ። "አዲስ የህንድ ገብቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቅሶ ነው፤ ሴቶቹ ይወዱታል።"

"ህንድ አልጠየቅኩህም።"

"ጃፓን ካልሽ ካራቴ አለ።"

"እሱ የቻይና ነው። የጃፓኑን ነው የምልህ፣ ከታች በእንግሊዝኛ የሚጻፍበትን።"

ደቻሳ ራሱን አከከ። ጃፓን ብሎ የሚጠይቀው ደንበኛ ከእሷ በስተቀር አልነበረውም። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ መጥተው የነበሩ ጃፓኖች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ከሸጡት አልጋና ማቀዝቀዣ ጋር አንድ ካርቶን ካሴት አብሮ ወጥቶ ነበር። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻቸው ከቴሌቪዥን ላይ እየቀዱ የላኩላቸው ነው፤ እዚያ ተወልደው የአያቶቻቸውን ቋንቋ ለማይሰሙ ልጆች ተብሎ ከሥዕሉ በታች እንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ደቻሳ ካርቶኑን የገዛው ሌላ ፊልም ሊቀዳበት ነበር። ጀዊሪያ ባትደርስ ኖሮ የዚያች ጃፓናዊት ታሪክ በህንድ ዘፈን ተደምስሶ ይቀር ነበር።

የሴትየዋ ስም ሚትሱ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ግን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ሚጡ አሏት፤ በቃ፣ ሚጡ ሆና ቀረች። ባሏ ጨርቅ የሚቀለምበት ቤት ነበረው፤ ሞተ። የባሏ ወንድም ታኬዎ፣ በሰፈሩ አጠራር ታከለ፣ ቤቱንም ሥራውንም እሷንም አንድ ላይ ሊጠቀልል ተነሳ። ይህን ለመረዳት ጉለሌ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ሰው የለም። እንግሊዝኛው የሚያስፈልገው እርስ በርስ ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ነው። ለዚያ ደግሞ ጀላል ነበረ።

ጀላል የጀዊሪያ ሟች ባል የኑሪ ታላቅ ወንድም ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ክፍል ይሠራል፣ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ሸጎሌ ሚስትና ልጆች አሉት። ኑሪ ከአሰብ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ የኑሪን የጨርቅ ሱቅ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የቀብሩ አፈር ሳይደርቅ ዘመዱ ሁሉ "ጀላል ያግባት፤ የወንድም ሚስት ለወንድም ነው፤ ሱቁም አይበተንም" ማለት ጀመረ። ጀዊሪያ እሺም እምቢም አላለችም። ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ጊዜ አለ፤ ዒዳ ላይ ናት ተብሎ ታለፈ። ዒዳዋ ሲያልቅ ግን የሽማግሌ ቀን ተቆረጠ፤ ቀኑም ዛሬ ነው፣ ከአሱር፣ ከዘጠኝ ሰዓቱ ሶላት በኋላ።

ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳትሆን ሴቶቹ ማታ ማታ ይመጡላት ነበር። ቴሌቪዥኑ ከስብሰባና ከትራክተር ሌላ የሚያሳየው ስለሌለው ኑሪ ከአሰብ ያመጣውን የቪዲዮ ዴክ ከፈቱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ከሁሉ ቀድማ መጥታ ፊት ለፊት ስለምትቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በማን ፈቃድ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ጀላል ከቴሌቪዥኑ ጎን ወንበር ይዞ፣ መነጽሩን ሰክቶ ያነብላቸዋል። አሳምሮ ነው የሚያነበው፤ የሴቷን በሴት ድምፅ፣ የአሮጊቷን በአሮጊት።

ትናንት ማታ አምስተኛው ካሴት ሊያልቅ ሲል ታከለ ሚጡን አግቢኝ አላት። ሚጡ ቀና አለች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረችና ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። ጀላል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እንግዲህ እንደ ፈቀዱ ያድርጉኝ፤ የባሌ ቤት በባዕድ እጅ ከሚፈርስ በወንድሙ እጅ ቢቆም ይሻለኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጥላዬ እርስዎ ነዎት" ብሎ አነበበ። ሴቶቹ እልል አሉ። የጀላል አክስት ሩቅያ ጀዊሪያን በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ "አየሻት እጅ ስትነሳ? ጃፓኗ እንኳ አወቀች" አሉ። ጀላልም "አለቀ፤ በሰላም ኖሩ ነው የሚለው" አለና ዴኩን አጠፋ።

ጀዊሪያ በጣም ተናደደች። የተናደደችው ግን በጀላል አልነበረም፤ በሚጡ ነው። አምስት ካሴት ሙሉ አብራት አልቅሳለች። ያቺ ሴት እምቢ ብትል እሷም እምቢ የምትልበት ወኔ የምታገኝ መስሏት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ ስትጠብቅ የነበረው ይህንኑ ነው። አንቺም? አለቻት በልቧ። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ግን ሌላ ነገር ከነከናት። ሚጡ ስትናገር ከታች የተጻፈው ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። ጀዊሪያን መሠረተ ትምህርት ያስተማራት አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አታውቅም። ቢሆንም አጭርና ረጅም መለየት አያቅታትም። ጀላል ያችን ሁለት ፊደል ሲያነብ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

"ደቻሳ" አለችው አሁን፣ ደንበኛ የሚቀመጥባትን ዱካ ስባ በሩ መካከል እየተቀመጠች። "ወላሂ ከዚህ አልነቃነቅም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሥራ ልሥራበት እንጂ።"

"ሥራ፤ ማን ከለከለህ።"

ከኋላዋ ሁለት ጎረምሶች መጥተው ቆሙ። አንደኛው "እህቴ፣ እስቲ አሳልፊን" አላት።

"አላሳልፍም። የእኔን ሲሰጠኝ ትገባላችሁ።"

"ምንሽን ወሰደብሽ?"

"እሱን ጠይቁት።"

ጎረምሶቹ ደቻሳን እንደ ሌባ ያዩት ጀመር። አንዲት እህል ልትገዛ የመጣች ሴትም ነገሩን ልትሰማ ዘንቢሏን አስቀምጣ ቆመች። ደቻሳ ላብ ላብ አለው። በባንኮው ላይ ወደ ጀዊሪያ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ ጀላልን ጠይቂያቸው። እኔን ለምን ታስጨንቂኛለሽ?"

"ምን አልክ?"

"እ... ማለቴ፣ ባለፈው ሳምንት መጥተው እዚሁ ተቀምጠው አይተውታል። ሲጨርሱ ለማንም እንዳትሰጥ፣ በተለይ እሷ ከመጣች የለም በላት አሉኝ። የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ ነው። እኔ ምን አገባኝ?"

"ያገባሃል" አለች ጀዊሪያ። "የለም ያልከኝ አንተ ነህ።"

ደቻሳ ከመደርደሪያው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት። "ከደቻሳ ነው ያገኘሁት እንዳትያቸው፣ አደራ።"

"እላቸዋለሁ" አለችው፤ ተነስታ ዱካውን ወደ ግድግዳው ገፋችና ወጣች።

ዳገቱን ስትወጣ ሰላም ላሏት ሰዎች አልመለሰችላቸውም። ቤቷ ደርሳም በራሷ በር አልገባችም፤ የጎረቤቷን የሠርካዲስን በር መደብደብ ጀመረች። ሠርካዲስ የስልክ ኦፕሬተር ናት። ማታ ማታ ተረኛ ስለሆነች የሚጡን ፊልም አንድ ቀን እንኳ አላየችም፤ ቀን ደግሞ ትተኛለች። ዓይኗን እያሻሸች ብቅ አለች።

"ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ማንም አልሞተም። እንግሊዝኛ ታነቢልኛለሽ።"

"አሁን?"

"አሁኑኑ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት።"

ሠርካዲስ የጎረቤቷን ፊት አየችና ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻት።

አምስተኛውን ካሴት አስገብተው ወደ መጨረሻው አካባቢ ወሰዱት። ታከለ ተንበርክኮ ይናገራል፣ ሚጡ ዓይኗን ሰብራ ትሰማለች። ከዚያ ቀና ብላ አፏን ስትከፍት ጀዊሪያ ማቆሚያውን ተጫነችው።

"እዚህ ጋ። ምንድን ነው የሚለው?"

"'ኖ' ነው የሚለው።"

"'ኖ'ማ እኔም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ላንብብልሽ? አይሆንም ትላለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የለም። አይሆንም፤ በቃ።"

"እጅ ነሳችው እኮ። ቆይ፣ እይው።"

ለቀቀችው። ሚጡ ጎንበስ አለች። ሠርካዲስ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ አነበበች። "'ስላሳፈርኩዎ ይቅር ይበሉኝ' ነው የምትለው። እምቢ ስላለችው ይቅርታ መጠየቋ ነው።"

"ግንባሯን መሬት አስነክታ ነው እምቢ የምትለው?"

"አገራቸው እንደዚያ ይሆናላ።"

ጀዊሪያ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ትናንት እልል ያለው ለዚህ ነበር። እዚህ አገር ጎንበስ ብሎ እጅ የነሳ ሰው እሺ ብሏል፤ ሌላ እጅ አነሳስ አናውቅም። ጀላል ይህን አይቶ ነው የገባበት፤ ሴቶቹ በዓይናቸው ላዩት ነገር ቃሉን ብቻ አቀበላቸው።

"አሮጊቷን መልሺልኝ" አለች። "የባሏን እናት። አራተኛው ካሴት እኮ ተመልሷል... አይደለም፣ እዚሁ ላይ ናት፣ መጀመሪያው ላይ። ምርኩዝ ይዛ የምትናገርበት።"

ወደ ኋላ መለሱት። ይህን ቦታ ጀላል፣ "ልጄ፣ የቀረኝን አንድ ወንድ ልጅ አታሳዝኚብኝ፤ እሱን ካገባሽልኝ ሞቴ ያምራል" ብሎ በአሮጊት ድምፅ ሲያነበው፣ አማቷ፣ የጀላልና የኑሪ እናት እማማ ዘይነብ፣ እንባቸውን ጠርገው ነበር።

ሠርካዲስ ሁለት ጊዜ አየችው። "'ልጄ ሲቀበር የአንቺም ዕዳ አብሮ ተቀብሯል። የቀለሙን ጋን ይዘሽ ሂጂ' ነው የምትላት።"

ጀዊሪያ ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሳች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እሷን ሲወስዳት የነበረው እያስለቀሰ ነው፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ዴኳ። ነገር በምሳሌ ይሁን፣ ደግ። ምሳሌውን ጠምዝዞ ሰው ላይ የሚጭን ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? አግቢኝ ብሎ ፊት ለፊት ቢጠይቃት እምቢ ብላው አክብራው ትኖር ነበር። ከሁሉ ያቃጠላት ግን ሌላ ነው። እምቢ ያለችውን ሴት ትናንት ሰድባታለች፤ ፈሪ ብላታለች።

"ስድስተኛውን ልክፈተው?" አለች ሠርካዲስ ቀስ ብላ።

ስድስተኛው ላይ ሚጡ ከወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጨርቅ ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ታሰጣለች። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኗል። ብዙ ንግግር የለም።

"ደስ ብሏታል?" አለች ጀዊሪያ።

"እንደዚያ የሚል አልተጻፈም። ሥራ ላይ ናት።"

የአሱር አዛን ተሰማ። ጀዊሪያ ስድስተኛውን አውጥታ አምስተኛውን መለሰችበት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን ሐጂ ሙሐዲን ናቸው፣ በአካባቢው አንጋፋ የጨርቅ ነጋዴ። እማማ ዘይነብና አክስት ሩቅያ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። ጀላል አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከሐጂ ቀኝ ሆነ። ሠርካዲስ የሥራ ካፖርቷን ደርባ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ጀላል አይቷት ፊቱን አዞረ።

ዱዓው ካለቀ በኋላ ሐጂ ወደ ጀዊሪያ ዞሩ። "ልጄ፣ የመጣንበትን ታውቂዋለሽ። ልጃገረድ ብትሆኚ ዝምታሽ ይበቃን ነበር። ትዳር ያየሽ ሴት ነሽና ሸሪዓው ከአፍሽ ስሙ ይለናል። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው፤ አስበሽ ተናገሪ።"

"አስቤያለሁ፣ ሐጂ። ከመመለሴ በፊት ግን ጋሼ ጀላል አንዲት ነገር ያንብቡልኝ።"

ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ሚጡ ቀና ብላ አፏን ስትከፍት አቆመችው። ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

"ሽማግሌ ተቀምጦ ፊልም?" አለ ጀላል።

"ትናንት ያነበቡልን ነው። ሐጂ አልሰሙትም።"

"ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ አይነበብም።"

"ሁለት ፊደል ነው፣ ጋሼ።"

ጀላል መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አልሰካውም። ሐጂ ሙሐዲን አንዴ እሱን አንዴ ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ነገሩ አልገባቸውም፤ የሆነ ነገር እንዳለ ግን ገብቷቸዋል።

"አንብብላት እንጂ" አሉ እማማ ዘይነብ። "ትናንት እንደ ጎርፍ ስታወርደው አልነበረም እንዴ?"

"ፊልም እኮ ነው፣ እማዬ። ቃል በቃል አይነበብም። ሴቶቹ እንዲገባቸው አድርጌ ነው የማነበው።"

"ገብቶናል" አለች ጀዊሪያ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አልቀነሰችውም። "አምስተኛው ላይ አለቀ ብለው ስድስተኛውን ከደቻሳ ዘንድ ያስደበቁትም እንዲገባን ነው። እርስዎ ካላነበቡት እኔ አነበዋለሁ። አይሆንም ነው የሚለው። ሐጂ፣ ከአፍሽ ካልሰማን ብለውኛል፤ እንግዲህ ይስሙኝ። አይሆንም። አላገባቸውም።"

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ!" አሉ አክስት ሩቅያ። "የጃፓን ሴት እምቢ ስላለች አንቺም?"

"ትናንት እሺ አለች ሲባል በክርንዎ የጎሸሙኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? እሺ ስትል አርአያ፣ እምቢ ስትል ዶሮ ትሁን?"

አክስት ሩቅያ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። እማማ ዘይነብ ልጃቸውን እያዩ ነበር፤ ጀላል ግን ወደ እሳቸው አላየም።

ሐጂ ሙሐዲን ጢማቸውን ዳበሱ። "ልጄ ተናደሻል፤ በንዴት የተሰጠ መልስ መልስ አይደለም። አንድ ሳምንት እንውሰድና..."

"ንዴቴ ይበርዳል ሐጂ። መልሴ ግን በሳምንቱም ይኸው ነው። አያመላልሱ።"

"ሱቁንስ ማን ሊይዘው ነው?" አለ ጀላል።

"ኑሪ አሰብ ሲወርድ ማን ነበር የሚይዘው?"

ኑሪ ከዓመቱ ግማሹን መንገድ ላይ እንደሚያሳልፍ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ጨርቁን የምትለካውም የምትቆርጠውም እሷ እንደነበረች ሐጂ ራሳቸው ያውቃሉ። ሱቃቸው ከሱቋ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

"ያልፈቀደችን ሴት ኒካሕ አናስርም" አሉ ሐጂ ከተቀመጡበት እየተነሱ። "ሱቁም የእሷና የሟች ወራሾች ነው፤ በሸሪዓው ይታያል። ጨርሰናል።"

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ጀላል ከኋላ ቀርቶ በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያስር ቆየ። ጀዊሪያ ልትዘጋ ስትመጣ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀላት ነበር።

"ጀዊሪያ፣ የሆነው ሆኗል" አለ በሹክሹክታ። "ለሴቶቹ ግን አትንገሪያቸው። ፊልሙ አልቋል በያቸው። በገዛ ሰፈሬ መሳቂያ አታድርጊኝ።"

ጀዊሪያ ይህን ልመና አልጠበቀችውም። ሠርካዲስ ካነበበችላት ጀምሮ ለእያንዳንዷ ሴት የምትለውን ስታዘጋጅ ነው የዋለችው፤ ምላሷ ላይ አለ፤ ከሊቀመንበሩ ሚስት ልትጀምር ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስረውን ሰውዬ ስታይ ንዴቷ እንዳለ ሆኖ ወሬው አስጠላት።

"አልነግራቸውም" አለችው።

ጀላል ተነፈሰ። "አላህ ይስጥሽ።"

"እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው። ማታ እንደ ወትሮው ይምጡ። አምስተኛውን ደግመን እናየዋለን። ከታች የተጻፈውን ያነቡልናል ብለን ነው የተቀመጥነው፤ የተጻፈውን ያንብቡልን።"

"ዛሬ ፈረቃዬን እቀይራለሁ" አለች ሠርካዲስ ከውስጥ።

"ካልመጣሁስ?" አለ ጀላል።

ጀዊሪያ አፏን ሳትከፍት እማማ ዘይነብ ግድግዳውን ተደግፈው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይመጣል" አሉ። "እኔ ይዤው እመጣለሁ።"

ጀዊሪያ ወደ ውስጥ ገባችና አምስተኛውን ካሴት እስከ መጀመሪያው መለሰችው።